ላም አለኝ በሰማይ፦ የአብራሪነት ትምህርት ዋጋና የአብራሪው ነጻነት

ከቢየርቪካ፣ ኦስሎ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ አውሮፕላን ከመታየቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተነገረ ቢሆንም፣ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ስንነጋገር ግን ለዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ ይመስላል። በእርግጥም በሰማይ ላይ ላም አለችን። ስሟ በዓለም ተጠርቷል፤ በጅራቷ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተስሎባታል፤ በስደት የምንኖር ሰዎች እንኳ በባዕድ አውሮፕላን ማረፊያ ድንገት ስናያት ዓይናችን እንባ ያቀርራል። ነገር ግን የዚህችን ላም መሪ ለመጨበጥ የሚመኝ የድሃ ልጅ በየትኛው በር ይገባል? የትምህርቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? ከተከፈለስ በኋላ አብራሪው የማን ሰው ይሆናል?

ይህን የምንጽፈው ከቢየርቪካ ነው። ቢየርቪካ በኦስሎ ማዕከላዊ የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ባሕሩ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ቀድሞ ወደብና አውራ ጎዳና የነበረው ስፍራ ዛሬ በ2008 የተከፈተው የኦፔራ ቤትና በ2020 የተከፈተው የዳይክማን ዋና ቤተ መጻሕፍት ቆመውበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰሞኑን በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ከጥቂት ሐበሻ ወላጆች ጋር ተገናኝተን ስንጫወት፣ የአንድ ወንድማችን ልጅ አብራሪ መሆን እንደምትፈልግ ተነሣ። ጨዋታው ወዲያው ወደ ሒሳብ ዞረ። አንዱ «አዲስ አበባ ላካት፣ ይረክስልሃል» አለ። ሌላው «እዚሁ ተበድራ ትማር» አለ። ሦስተኛው ግን «ገንዘብ ያለው ሁሉ አብራሪ የሚሆንበት ዘመን መጣ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። ጉዳዩ የአንዲት ልጅ ወይም የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ በአደባባይ ልንወያይበት ይገባል እንላለን።

ሐሳባችንን ከወዲሁ በአጭሩ እናስቀምጥ። የአብራሪ ሥልጠና ወጪ ከቶ አይጠፋም፤ ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ። አገር ካልከፈለው ሠልጣኙ ይከፍለዋል፤ ሠልጣኙ ካልቻለ በዕዳ ወይም በግዴታ ውል ይታሰርበታል፤ ሁሉም ከሸሸው ደግሞ በመጨረሻ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ የሚከፍለውም በነፍሱ ነው።

ዋጋው ከምን ይመነጫል?

ለመሆኑ የአብራሪነት ትምህርት ይህን ያህል ውድ የሆነው ለምንድን ነው? አንድ ሰው በክፍያ ለማብረር የሚያስችለውን የንግድ በረራ ፈቃድ ለማግኘት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ቢያንስ 200 የበረራ ሰዓት፣ ወይም በተፈቀደ የተቀናጀ ትምህርት 150 ሰዓት ሊኖረው ይገባል። የዋና አብራሪነት ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። በዚህ ላይ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ የማብረር ብቃት፣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የማብረር ብቃት፣ ከሌላ አብራሪ ጋር ተቀናጅቶ የመሥራት ሥልጠና፣ ከፍተኛ የጤና ምርመራ፣ በመጨረሻም ለአንድ የተወሰነ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጠው ልዩ ሥልጠና ይጨመራሉ። በአውሮፓ ሥርዓት ሠልጣኙ 13 የንድፈ ሐሳብ ፈተናዎችን ማለፍ አለበት። እያንዳንዷ የበረራ ሰዓት ነዳጅ ትበላለች፣ መለዋወጫ ትጨርሳለች፣ የአስተማሪ ደመወዝ ትጠይቃለች። መጽሐፍ አባዝቶ እንደሚያስተምር ኮሌጅ ተማሪ በበዛ ቁጥር ወጪው የሚቀንስበት መንገድ የለም፤ ሰማዩ ላይ አንዱን ሠልጣኝ አንድ አስተማሪ ይዞት ይወጣል።

በዚህ ምክንያት በኖርዌይ በግል የበረራ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚማር ወጣት ወደ አንድ ሚሊዮን ክሮነር ገደማ እንደሚያስፈልገው አስቦ መነሣት አለበት። በአሜሪካም ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ኖርዌይ ግን ለዜጋዋ ሁለት በር ከፍታለች። አንደኛው ላኔካሰን የተባለው የመንግሥት የትምህርት ብድር ተቋም ነው። ሁለተኛው በሰሜን አገሪቱ ባርዱፎስ የሚገኘው የትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ የበረራ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ጥቂት ተማሪዎችን በውድድር ይቀበላል፤ መንግሥትም የወጪውን ድርሻ ይሸከማል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ውጤቱ ካበቃው ይገባል፤ የሚኒስትር ልጅ ውጤቱ ካላበቃው ይቀራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። የማሠልጠኛው አውሮፕላን፣ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ የምስለ በረራው መሣሪያ፣ ሁሉም በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2024 መንግሥት የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚተመን ማንኛውም ትምህርት በአንድ ክረምት ለብር ደመወዝተኛ በእጥፍ ተወደደ ማለት ነው። እንግዲህ ልጁን በራሱ ወጪ የሚያሠለጥን የአዲስ አበባ ወይም የደሴ መምህር ማን ሊሆን ነው? በራስ ወጪ የሚገባበት በር ለእርሱ ልጅ በር ሳይሆን ግድግዳ ነው።

ልጆቻቸውን «ይረክሳል» በማለት ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስቡ ወላጆችም አንድ ነገር ቢያውቁ እንወዳለን። በኢትዮጵያ የተገኘ ፈቃድ በአውሮፓ አየር መንገድ ለመቀጠር ወዲያው አያገለግልም። ባለፈቃዱ የአውሮፓን ፈተናዎች ተቀምጦ ማለፍና በበረራም መፈተን ይኖርበታል። ርካሽ የመሰለው መንገድ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል።

በሕዝብ ጫንቃ የተገነባ ሙያ

ኢትዮጵያ በዚህ ሙያ ጀማሪ አይደለችም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃዳቸውን ያገኙት በ1930 ነበር። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1945 ተመሥርቶ በሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ግን፣ አብራሪዎቹ፣ ሥራ አስኪያጆቹና ቴክኒሻኖቹ በአብዛኛው በስምምነቱ መሠረት ከቲ.ደብሊው.ኤ. የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ለመሆን የበቁት በ1957 ነው። የአብራሪዎች ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ተከፈተ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በ2010 ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቁ።

ይህ የትውልዶች ሥራ ነው። የተገነባውም በአንድ ፓርቲ ወይም በአንድ መሪ ቸርነት አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሄደው ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ መጣ፣ ኢሕአዴግም በተራው ስሙን ለውጦ ተበተነ፤ አየር መንገዱ ግን አለ። ያቆመው የሕዝብ ስም፣ የአገር ብድርና ዋስትና፣ የሠራተኞቹም ላብ ነው። ስለዚህ የአብራሪው ወንበር የሕዝብ ሀብት ነው ስንል ለማጋነን አይደለም። የሕዝብ ሀብት ደግሞ የሚከፋፈልበት መንገድ ለሕዝብ መታየት አለበት።

እዚህ ላይ የአንዳንድ ወገኖቻችን ተቃውሞ ይገባናል። «አየር መንገዱን አትንኩት፤ የቀረን እርሱ ብቻ ነው» ይሉናል። እኛም እንወደዋለን። ዳሩ ግን ጉድለቱን ሸፍኖ ማወደስ ፍቅር አይባልም። ጋዜጠኛ በነበርንበት ዘመን የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማንም የማይጠይቀው ተቋም ውሎ አድሮ ራሱንም መጠየቅ እንደሚተው ነው።

ሰዓት መቁጠር ብቻውን መለኪያ ይሆናልን?

መጋቢት 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ 157 ሰዎች አለቁ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን 8,122 የበረራ ሰዓት ነበረው። ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 361 ሰዓት ነበረው። ይህች 361 የምትባል ቁጥር በምዕራቡ ዓለም የመገናኛ ብዙኃን ስትዞር ከረመች። በአሜሪካ ምክር ቤት «የእኛ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር» የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ተሰማ። በ2009 በሁድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላኑን አሳርፎ 155 ሰዎችን ያተረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር እንኳ የረዳቱን ልምድ ማነስ ነቅፎ ጻፈ። ይኸው ሰው ከወራት በኋላ ሁኔታውን በምስለ በረራ ከሞከረው በኋላ ግን በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ፣ አብራሪዎች እንዲህ ያለ ወጥመድ ሊጠመድባቸው እንደማይገባ መሰከረ።

የሰዓት ክርክሩን በሰከነ አእምሮ እንመልከተው። አሜሪካ ረዳት አብራሪዎችም 1,500 ሰዓት እንዲኖራቸው የሚያስገድደውን ደንብ ያወጣችው የካቲት 2009 ቡፋሎ አቅራቢያ ከተከሰከሰውና 50 ሰዎች ከሞቱበት የኮልገን ኤር አደጋ በኋላ ነው። ነገር ግን የዚያ አውሮፕላን ዋና አብራሪ ከ3,000 ሰዓት በላይ፣ ረዳቷም ከ2,000 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ሁለቱም የኋላውን ደንብ ያልፉ ነበር። መርማሪዎቹ ያገኙት የሥልጠና ጉድለት፣ ድካምና የሥራ ሥርዓት መላላትን ነው። አውሮፓ በበኩሏ ከ200 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በጥብቅ የሠለጠነ ወጣትን በረዳትነት ታስቀምጣለች። ስለዚህ ብቃትን የሚለየው ሰዓቱ እንዴት እንደተሞላ፣ ማን እንደፈተነው፣ ወድቆስ ከሆነ «ወድቀሃል» የሚለው ሰው መኖሩ ነው።

ይህን ስንል ግን ዓይናችንን ጨፍነን አይደለም። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻውን ሪፖርት በታኅሣሥ 2022 ሲያወጣ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ዋናው ጥፋት የአውሮፕላኑ ሥርዓት መሆኑን ሳይክዱ፣ የአብራሪዎቹ አሠራርና ቅንጅት በቂ ትንታኔ አላገኘም ሲሉ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አወጡ። በቤይሩት ጥር 25 ቀን 2010 90 ሰዎች በሞቱበት አደጋም የሊባኖስ መርማሪዎች በአብራሪዎቹ ላይ ሲያተኩሩ አየር መንገዱ ድምዳሜውን አልተቀበለም። የሞቱት ልጆቻችን ናቸውና ስማቸው ሲነሣ ያመናል። ይሁን እንጂ በሥልጠና ላይ የቀረበን አስተያየት ሁሉ «የነጭ ንቀት» ብሎ መግፋት ነገ ለሚሳፈረው ሰው አይጠቅምም። ንቀቱን እንመልስ፤ አስተያየቱን ግን እናንብበው።

ሥልጠናን የሸሸ ገንዘብ

የ737 ማክስ ታሪክ ከርዕሳችን ጋር የሚገናኘው በሌላ በኩልም ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቦይንግ አዲሱን አውሮፕላን ሲሸጥ ለገዥዎቹ የገባው ትልቅ ቃል «አብራሪዎቻችሁን በምስለ በረራ እንደገና ማሠልጠን አያስፈልጋችሁም» የሚል ነበር። ለሳውዝዌስት አየር መንገድማ በምስለ በረራ ማሠልጠን ግዴታ ከሆነ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተዋውሎ ነበር። ይህ ቃል እንዲጠበቅ፣ በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ ተማምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ ስሙ እንኳ ሳይጠቀስ ቀረ። በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያ 189፣ በመጋቢት 2019 በአገራችን 157፣ በጠቅላላው 346 ነፍስ ጠፋ። በጥር 2021 ቦይንግ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ሲስማማ፣ የተከሰሰበት ወንጀል የአብራሪዎችን ሥልጠና የሚወስነውን የመንግሥት ክፍል ማታለል ነበር።

አንባብያን ይህችን ነጥብ እንድትይዙልን እንለምናለን። 346ቱ ሰዎች የሞቱት ሥልጠና ውድ ነው ተብሎ ነው። ወጪው ከቦይንግና ከገዥዎቹ ደብተር ላይ ተፋቀ፤ አልጠፋም ግን፤ ወደ ተሳፋሪዎቹ ተዛወረ።

ዕዳ የተሸከመ አብራሪ

ወጪው ወደ ሠልጣኙ ሲዛወርስ ምን ይሆናል? መጋቢት 24 ቀን 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር አጋጭቶ 150 ሰዎች ሞቱ። ሰውየው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ዋናው ምክንያት ይህ መሆኑ አያጠያይቅም። የፈረንሳይ መርማሪዎች ግን ሌላም ነገር መዘገቡ። ለሥልጠናው ከድርሻው 60 ሺህ ዩሮ ለመክፈል 41 ሺህ ዩሮ ገደማ ተበድሮ ነበር፤ ሕመሙን ቢናገር ፈቃዱንም ገቢውንም ያጣል፤ ያንን የሚሸፍን በቂ መድን አልነበረውም። መርማሪዎቹ አብራሪዎች ሕመማቸውን እንዲደብቁ ከሚገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ የገንዘብ ፍርሃት መሆኑን አስገንዝበዋል።

ዕዳ ሰውን ወንጀለኛ ያደርጋል አንልም። ዕዳ ግን ዝም ያሰኛል። «ታምሜአለሁ» ከማለት ዝም፣ «ደክሞኛል» ከማለት ዝም፣ «ይህ አውሮፕላን ችግር አለበት፣ አልነሣም» ከማለት ዝም። በእኛ አገር አሠራር ደግሞ አየር መንገዱ ከፍሎ ሲያሠለጥን ሠልጣኙን የአገልግሎት ግዴታ ያስፈርመዋል። በመርሕ ደረጃ ይህ ነውር የለውም፤ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሰው ለሕዝብ ማገልገል አለበት። ነገር ግን የግዴታው ገንዘብ በምን ሒሳብ እንደተተመነ ካልታወቀ፣ ባገለገለ ቁጥር ካልቀነሰ፣ ከአለቃው ጋር በተጣላ ጊዜም የቤተሰቡ ጎጆ የሚነጠቅበት ከሆነ፣ ውልነቱ ቀርቶ የገባርነት ሰንሰለት ይሆናል።

«አይሆንም» የማለት መብት

በረራ ደኅንነቱ የሚጠበቀው በአንዲት አጭር ቃል ነው፤ «አይሆንም» በምትባል ቃል። በነሐሴ 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የአየር መንገዱ 737 የመውረጃ ነጥቡን አልፎ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቀጥሎ ነበር። አብራሪዎቹ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተዘገበ፤ አውሮፕላኑ በሰላም ካረፈ በኋላም አየር መንገዱ ከሥራ አግዶ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። በእነርሱ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ የደከመ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት «ዛሬ አልችልም» ቢል ምን ይደርስበት ነበር?

ኖርዌይን እንመልከት። በየካቲት 2015 መጨረሻ የኖርዊጂያን አየር መንገድ አብራሪዎች ስለ ቅጥር ሁኔታቸው ሥራ አቁመው፣ 700 የሚሆኑ ሰዎች የተሳተፉበት አድማ 11 ቀን ቆየ። በሐምሌ 2022 ደግሞ የኤስ.ኤ.ኤስ. አብራሪዎች ለ15 ቀናት ሥራ አቆሙ። መንገደኛው ተንገላታ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ጋዜጦች ተሟገቱ፤ በመጨረሻም ሁሉም በጠረጴዛ ዙሪያ ተፈራረሙ። ወኅኒ የወረደ አብራሪ አልነበረም። በዚያው ዘመን በአገራችን፣ በነሐሴ 2018 የበረራ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ ዘጠኝ ሰዎች ታሠሩ። ያውም የለውጥ ዘፈን በየአደባባዩ በሚዘፈንበት ወቅት! የሰማይ ባለሙያ «አይሆንም» በማለቱ ከታሠረ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ምን ይማራል? አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» ማለትን ይማራል። «እሺ ጌታዬ» ለቤተ መንግሥት ይበጅ ይሆናል፤ ለአውሮፕላን ግን መርዝ ነው።

መስፈርት ሲሸጥ

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መስፈርቱ ራሱ ለገበያ ሲቀርብ ነው። በግንቦት 2020 ካራቺ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ 97 ሰዎች ከሞቱበት የፓኪስታን አየር መንገድ አደጋ በኋላ፣ የአገሪቱ የአቪዬሽን ሚኒስትር በምክር ቤት ቆመው ከ860 አብራሪዎች የ262ቱ ፈቃድ አጠራጣሪ ነው ሲሉ ተናገሩ። አውሮፓ ወዲያውኑ የአየር መንገዱን በረራ አገደች፤ እገዳው እስኪነሣ ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። በሐቅ ተፈትነው ያለፉት ፓኪስታናውያን አብራሪዎችም በየሄዱበት አገር ተጠረጠሩ። መስፈርት አንድ ጊዜ ከተሸጠ የታማኙም ፈቃድ ዋጋ ያጣል።

የእኛ አየር መንገድ እዚህ አልደረሰም፤ እንዳይደርስም እንመኛለን። እንዳይደርስ የሚያደርገው ግን ምኞት ሳይሆን የተቋማት ነጻነት ነው። ዛሬ የአየር መንገዱ ባለቤት መንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የመንግሥት ነው፤ አደጋን የሚመረምረው ቢሮም የመንግሥት ነው። ኤርፖርቶቹ በ2017 ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ተጠቃለሉ። በ2023 ደግሞ የአየር ኃይሉ አዛዥ የግሩፑ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ። የግለሰቡን ችሎታ ለመንቀፍ አይደለም፤ የጦር አዛዥና የንግድ አየር መንገድ ሰብሳቢ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ግን፣ «አይሆንም» የሚል ተቆጣጣሪ ከየት ይመጣል? በ2020 መጨረሻ፣ ጦርነቱ በተጀመረበት ሰሞን፣ አየር መንገዱ የትግራይ ተወላጅ ሠራተኞችን በማንነታቸው ከሥራ አግዷል ተብሎ በውጭ ጋዜጦች ተከሶ ነበር፤ እርሱም አስተባብሏል። ክሱንም ማስተባበያውንም የሚመዝን ነጻ አካል ባለመኖሩ ግን ነገሩ በሐሜት መልክ ቀረ። ሐሜት ደግሞ ተቋምን እንደ ብል ይበላዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ተቃውሞ ብቻ ይዘን አደባባይ መውጣት ልማዳችን እንዳይሆን፣ የምንጠይቀውን በዝርዝር እናስቀምጥ።

አንደኛ፤ የሠልጣኞች ምርጫ ለሕዝብ ይታይ። ስንት አመለከቱ፣ ስንት ተፈተኑ፣ በምን ውጤት አለፉ የሚለው የሰው ስም ሳይጠቀስ በየዓመቱ ይታተም። ብሔር፣ የፓርቲ አባልነትና የባለሥልጣን ዘመድነት ከሚዛኑ ላይ ይውረዱ።

ሁለተኛ፤ የሥልጠናው ዋጋና የግዴታው ውል ግልጽ ይሁን። ሠልጣኙ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ ወጪ ተዘርዝሮ ይቅረብለት። ባገለገለበት ዓመት ልክ ግዴታው ይቀንስ። ለሌላ ቀጣሪ የፈቃዱን ትክክለኛነት ማረጋገጥ የተቆጣጣሪው ሥራ እንጂ የአሠሪው በቀል መሣሪያ አይሁን።

ሦስተኛ፤ ለድሃ ልጅ የብድር በር ይከፈት። ብድሩ ሥራ ከያዘ በኋላ የሚከፈል፣ በሕመም ፈቃዱን ያጣ ሰው ላይ ደግሞ የሚቆም ይሁን። ፈቃድ ሲታጣ የሚከፍል መድንም ከብድሩ ጋር ይያያዝ።

አራተኛ፤ ያሠለጠነ አይፈትን። ፈታኙ ከትምህርት ቤቱም ከአየር መንገዱም የተለየ፣ ደመወዙንም ከእነርሱ የማይቀበል ይሁን። የአደጋ ምርመራ ቢሮውም ተጠሪነቱ ከአስፈጻሚው ወጥቶ ለምክር ቤት ይሁን።

አምስተኛ፤ አብራሪዎች፣ ቴክኒሻኖችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች በነጻ የመደራጀትና ስሕተትን ያለ ፍርሃት የመጠቆም መብታቸው በሕግም በተግባርም ይከበር።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚጠይቁት ፈቃደኝነት ነው።

በውጭ ለምንኖረውም ድርሻ አለን። ለእድር፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ፣ ለፓርቲ፣ ለእስረኛ ቤተሰብ ስናዋጣ ኖረናል። በየዓመቱ ከወልድያም ይሁን ከጋምቤላ፣ ከጅጅጋም ይሁን ከአክሱም በውጤቱ የተመረጠ አንድ ወጣት የሚያሠለጥን የጋራ ገንዘብ ማቋቋም አያቅተንም። ልጆቻቸውን እዚህ ለማስተማር ለሚያስቡ ወላጆች ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። «ስንት ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። ማን ይፈትናታል? ብትታመም ዕዳውን ማን ይሸከማል? አለቃዋን «አይሆንም» ብትለው ነገም አብራሪ ሆና ታድራለች? ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱንም የሚመልስ ትምህርት ቤትና ቀጣሪ ካገኛችሁ ዋጋው ቢከብድም ኪሳራ የለበትም።

በአዲስ አበባ ሥልጣን ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለን። ይህችን ላም አላሳደጋችኋትም፤ ተረከባችኋት እንጂ። ከእናንተ በፊት የነበሩትም ተረክበዋት አልፈዋል። እናንተም ታልፋላችሁ። የምታስረክቡት አብራሪ ቀና ብሎ የሚናገር ነጻ ባለሙያ ይሁን፤ ወይስ ዕዳና ፍርሃት ያጎበጠው አገልጋይ? በሰማይ ያለችውን ላም ሕዝቡ ወተቷን ባያይ እንኳ፣ ቢያንስ ልጆቹን ተሸክማ ስትነሣ በሰላም እንደምታርፍ ማወቅ መብቱ ነው።

ቸር ይግጠመን።
ኢትዮጵያ በነጻነቷና በአንድነቷ ለዘለዓለም ትኑር!